ጂንስና ሸራ የሚሰፋ መኪና ለመግዛት፦ ከሞተሩ በፊት መስቀለኛው ስፌት ይታይ

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። «ቤት ውስጥ በተራ የስፌት መኪና ቀሚስና መጋረጃ እሰፋለሁ። አሁን ከ12 እስከ 14 ኦንስ የሚደርስ ጂንስና ሸራ ገዝቼ የሥራ ሱሪ፣ ሽርጥና ማንገቻ ያለው ቦርሳ መሥራት ጀምሬያለሁ። ቀጥታው ላይ ጥሩ ይሄዳል። የሱሪው እግር ቅምቅማት ላይ ስደርስ ግን ወይ መርፌ ይሰበራል፣ ወይ ስፌት ይዘላል። ‹ለከባድ ሥራ› ተብሎ የተጻፈበት የቤት መኪና ልግዛ ወይስ በቀጥታ የፋብሪካ መኪና? ስንት ዋት ሞተርስ ይበቃኛል?»

ውድ ጠያቂ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሞተሩን ለጊዜው ይተዉት። መኪናዎ ቀጥታው ላይ አልተቸገረም፤ ይህን ራስዎ ነግረውኛል። የሚቸገረው ስፌት ስፌትን የሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛው፣ ከሚሠሩት ሥራ ሁሉ ወፍራሙ መስቀለኛ ቦታ ስንት ንብርብር እንደሆነ። ሁለተኛው፣ በምን ያህል ወፍራም ክር መስፋት እንደሚፈልጉ። የመኪናውን ዓይነት የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ሳይታወቁ የተገዛ መኪና፣ ውድም ቢሆን፣ ያው ቅምቅማት ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የጂንስ ሱሪ የውስጥ እግር ስፌት ብዙ ጊዜ የሁለቱ ጨርቆች ጠርዝ እርስ በርስ ተቆልፎ ነው የሚሰፋው። እዚያ ቦታ 4 ንብርብር ጨርቅ አለ። የእግሩ ቅምቅማት ደግሞ ሁለቴ ይታጠፋል፤ ይህ 3 ንብርብር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ 3 ጊዜ 4፣ 12 ንብርብር ይሆናል። የ14 ኦንስ ጂንስ አንዱ ንብርብር 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን እንኳ፣ ያቺ ትንሽ ጉብታ ሳትጨመቅ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ትጠጋለች። የብዙ የቤት መኪኖች ፉት፣ ጨርቁን ከላይ የሚጫነው እግር፣ ሲነሳ የሚከፍተው ክፍተት 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እጀታውን ወደ ላይ ሲገፉት ትንሽ የሚጨምሩ አሉ። ያም ሆኖ ጨርቁ ገና ሳይሰፋ፣ ከፉቱ ሥር ለመግባት ራሱ ግፊያ ነው።

ስለ ኦንስ አንድ ነገር ልበል። ቁጥሩ የአንድ ካሬ ያርድ ጨርቅ ክብደት ነው። 1 ኦንስ በካሬ ሜትር 34 ግራም ገደማ ይሆናል። የእርስዎ 12 ኦንስ ጂንስ በካሬ ሜትር 400 ግራም ያህል፣ 14ቱ ደግሞ 475 ያህል ይመዝናል ማለት ነው። ሸራ ላይ ሲደርሱ ግን ክብደቱን ብቻ አይመኑ። ጂንስ ሰያፍ ሽመና ስለሆነ ለመርፌ ይለዝባል። ሸራ ቀጥ ብሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ነው፤ በተመሳሳይ ክብደት መርፌን ይበልጥ ይይዛል። ሰም ወይም ውኃ የማያስገባ ቅብ ካለበት ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ሸራ በኦንስ ፋንታ በቁጥር ይሸጣል፤ እዚያ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ሸራው ይከብዳል። 10 ቁጥር ሸራ ወደ 15 ኦንስ፣ 8 ቁጥር ደግሞ 18 ኦንስ ነው። ቁጥሩ አነስተኛ ነው ብሎ ቀላል ሸራ የገዛ የመሰለው ሰው ብዙ ነው።

አሁን መርፌው ለምን እንደሚሰበር እንይ። ይህን በደንብ ቢረዱት መኪና ሲመርጡ ማንም አያታልልዎትም።

ፉቱ ወደ ጉብታው መውጣት ሲጀምር አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል፤ ተረከዙ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያች ቅጽበት ጨርቁን ከታች ሆኖ ከሚያስኬደው ጥርስ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ነገር የለም። ጥርሱ ይፍጨረጨራል፣ ጨርቁ ግን አይሄድም። መርፌው እዚያው ቦታ ላይ ይመላለሳል። ሰፊው ደግሞ ሳያስበው ጨርቁን ከኋላ ይጎትታል። የተጎተተው ጨርቅ መርፌውን ያጎብጠዋል። የጎበጠ መርፌ ሲወርድ ከጨርቁ ሥር ያለውን የብረት ፕሌት ወይም የላይኛውን ክር ከታች የሚይዘውን መንጠቆ ይመታል። ቋ! አለቀ። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ውስጥ የሞተር ድካም የሚባል ነገር የለም። ከፉቱ መዘንበልና ከእጅ መጎተት የመጣ ነው። ሞተሩን እጥፍ ቢያደርጉት መርፌው ያው ይሰበራል፤ ምናልባትም በበለጠ ፍጥነት።

የስፌት መዝለል ምክንያቱ ሌላ ነው። መርፌው እስከ ታች ወርዶ መመለስ ሲጀምር፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍ ሲል፣ ክሩ ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። የመንጠቆው ጫፍ በዚያች ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። በመርፌውና በመንጠቆው መካከል ያለው ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭን መርፌ በ12 ንብርብር ውስጥ ሲያልፍ ጥቂት ካዘነበለ መንጠቆው ቀለበቷን ይስታታል። ጨርቁ መርፌውን ይዞ አብሮ ወደ ላይ ከተነሳ ደግሞ ቀለበቷ ጭራሽ አትሠራም። ሁለቱም ሲሆኑ ስፌቱ ይዘላል።

ከዚህ ውስጥ ሦስት መስፈርት ይወጣል። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆን መኪና ወፍራም መርፌ የሚቀበል መሆን አለበት። ፉቱ ጨርቁን አጥብቆ መጫን አለበት፤ ግፊቱም በብሎን የሚጨመርና የሚቀነስ ይሁን። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፤ የፕሌቱ ቀዳዳ። ዚግዛግ የሚሰፋ መኪና ፕሌቱ ላይ ወደ ጎን የሰፋ ክፍት ቦታ አለው። መርፌው ሲወጋ ጨርቁ ወደዚያ ክፍተት ይሰምጣል። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ መኪና ግን ለመርፌው የምትበቃ አንዲት ክብ ቀዳዳ ናት ያለችው፤ ጨርቁ ከሥሩ ድጋፍ ያገኛል። በጂንስ ላይ ቀጥታ ብቻ የሚሰፉ መኪኖች ስፌታቸው ጥርት የሚለው በዋናነት ለዚህ ነው። የእርስዎም መኪና ባለ አንድ ክብ ቀዳዳ ፕሌት ለብቻው የሚሸጥለት ከሆነ ገዝተው ይሞክሩት። ያንን ሲያደርጉ ዚግዛጉን እንዳይነኩት አደራ።

እንዲያውም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የዛሬውን መኪናዎን ተገቢውን ዕድል ይስጡት። የጂንስ መርፌ የሚባለውን፣ 100/16 ወይም 110/18፣ አዲሱን ያስገቡ። 100 ማለት የመርፌው አካል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ማለት ነው፤ 16 ደግሞ የዚያው መጠን ሌላ ስሙ ነው። የጂንስ መርፌ አካሉ የተጠናከረ ስለሆነ በቀላሉ አይጎብጥም። የቆዳ መርፌ ግን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ጫፉ ምላጭ ነው፤ የጨርቁን ድርና ማግ እየቆረጠ ስለሚሄድ ሸራው በስፌቱ መስመር ላይ ይደክማል። ጉብታውን በመዶሻ በደንብ ይቀጥቅጡት፣ ከሥሩ ጠንካራ ነገር አድርገው። ውፍረቱ በሚገርም ሁኔታ ይቀንሳል። ወደ ጉብታው ሲጠጉ የዚያኑ ጂንስ ቁራጭ አጣጥፈው ከፉቱ ተረከዝ ሥር ያስገቡ፤ ፉቱ ሳይዘነብል አግድም ይሄዳል። ከጉብታው ሲወርዱ ደግሞ ቁራጩን ወደ ፊት ያዙሩት። እነዚያን አምስት ስድስት ስፌቶች መዘውሩን በእጅዎ እያዞሩ ይስፉ። የስፌቱን ርዝመት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። ከላይ ለሚታየው ጌጥ ስፌት 4 ሚሊ ሜትርም ያምራል።

ይህን ሁሉ አድርገው መኪናው ከተሻገረ፣ በወር አንድ ሁለት ሱሪ ብቻ ለሚሰፋ ሰው አዲስ መኪና አያስፈልገውም። ይህን ስል የሚከፋቸው ሻጮች እንዳሉ አውቃለሁ። ግን እውነቱ ይህ ነው። በሳምንት ብዙ ሱሪና ቦርሳ ሊሠሩ ካሰቡ ግን በየጉብታው መዶሻና መዘውር ይዞ መኖር ያደክማል። መኪናውም ያልተሠራበትን ሥራ ሲሠራ ዕድሜው ያጥራል። ያኔ መግዛቱ ተገቢ ነው።

ወደ ክሩ እንምጣ። የክር ውፍረት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ቴክስ ነው፤ 1000 ሜትር ክር በግራም ሲመዘን ማለት ነው። ለቀሚስ የሚጠቀሙበት ተራ ክር ቴክስ 30 አካባቢ ነው። ለጂንስ መገጣጠሚያ ከ60 እስከ 80 ይበቃል። ከላይ ጎልቶ የሚታየው ወርቃማ ስፌት ቴክስ 100 ገደማ ነው። ለከባድ ቦርሳ ማንገቻ፣ ለድንኳንና ለወንበር ልባስ ቴክስ 135 የሚጠቀሙ አሉ። እያንዳንዱ ክር የሚመጥነውን መርፌ ይጠይቃል። ቴክስ 70 በ100 ወይም በ110 መርፌ ይሰፋል። ቴክስ 100 ከ110 እስከ 120 ይፈልጋል። ቴክስ 135 ግን 130 ወይም 140 መርፌ ነው የሚወደው። ለቤት መኪና በብዛት የሚሸጠው መርፌ 120/19 ላይ ያበቃል። እንግዲህ ድንበሩ ይህ ነው። ቴክስ 135 ካስፈለገዎት የቤት መኪና፣ ምንም ዓይነት ጽሑፍ ይለጠፍበት፣ ከምርጫው ወጥቷል።

በዚህ በኩል ያለው ጥሩ ዜና ደግሞ፣ ብዙ የጂንስ ሥራ ላይ ወፍራሙ ክር የሚያስፈልገው ከላይ ብቻ መሆኑ ነው። ከላይ ቴክስ 100 አድርገው ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) ላይ ቴክስ 40 ወይም 60 ቢጠቀሙ መኪናው ይቀለዋል፤ ከፊት የሚታየውም ያው ነው። የላይኛውን ውጥረት ትንሽ ማስተካከል ግን አይቀርም። አንዳንድ ክር ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከቴክስ ተቃራኒ ስለሆነ ይጠንቀቁ። በዚያኛው አቆጣጠር 120 ቀጭን፣ 30 ደግሞ ወፍራም ነው። የክሩ ዓይነት ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ክር በጠንካራ ጂንስ ውስጥ ቶሎ ይበጠሳል። ናይለን ጠንካራ ነው፤ ፀሐይ ላይ የሚውል ነገር ላይ ግን ከፖሊስተር ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

አሁን ስለ ሞተር። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋት መኪናው ከመብራት የሚወስደው ኃይል ነው። የመርፌው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ጉልበት በማርሹ፣ በቺንጋውና በመዘውሩ ክብደት ይወሰናል። ፍጥነትም እንዲሁ ያሳስታል። በደቂቃ 1100 ስፌት ይሰፋል ተብሎ የሚለፈፍለት የቤት መኪና አለ። እርስዎ ግን 12 ንብርብር ላይ በዚያ ፍጥነት አይሄዱም። የሚፈልጉት በጣም ቀስ ብሎ ሲሄድ ጉልበቱ የማይጠፋ መኪና ነው። ተራ ፔዳል ያለው አሮጌ ሞተር ፔዳሉን በቀስታ ሲረግጡት የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ጉብታው ላይ እየጮኸ ይቆማል፤ አጥብቀው ሲረግጡት ደግሞ ይፈተለካል። ጥሩ ኤሌክትሮኒክ ፔዳል ያላቸው መኪኖች በዝግታም ይወጋሉ። በእግር የሚረገጠው የድሮ መኪና ሞተር ሳይኖረው ጂንስ የሚሰፋው፣ ከታች ያለው ትልቅ ጎማ ክብደቱ አንዴ ከተነሳ መርፌውን ስለሚያሻግረው ነው። የፋብሪካ መኪና ላይ ከሞተሩ ጋር የተያያዘውን ትልቅ ፑሊ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ፣ በትንሽ ሲቀይሩትም ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ተሽከርካሪ አቀበት ላይ በአንደኛ ማርሽ እንደሚወጣው ማለት ነው።

እንግዲህ ምርጫዎቹን በየተራ ልይላቸው።

«ለከባድ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቤት መኪና፦ ይህ አባባል የተለየ መለኪያ ወይም ማረጋገጫ የለውም። አምራቹ የፈለገው መኪና ላይ ይጽፈዋል። ብዙዎቹ ውስጣዊ ክፈፋቸው ብረት ነው፣ ይህ ጥሩ ነው። ማርሾቻቸው ላይ ግን ፕላስቲክ ይገኛል። የሲንጀር 4423ና የዚያ ቤተሰብ መኪኖች በዚህ ስም የታወቁ ናቸው። ለአንድ ሱሪ፣ ለሽርጥ፣ ለቀላል ቦርሳ ይሠራሉ፤ ዚግዛግና የቁልፍ ቀዳዳም አላቸው። የጃኖሜ ኤችዲ 3000 ዓይነቶቹ አካላቸው አልሙኒየም ስለሆነ ረጋ ይላሉ። ግን እርስዎ ዛሬ ካለዎት መኪና በዚህ ሥራ ላይ የሚበልጡት በአንድ እርምጃ ነው እንጂ በሦስት አይደለም። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ይህን አልመክርዎትም።

ሙሉ በሙሉ ብረት የሆኑ የድሮ መኪኖች፦ እነዚህን እወዳቸዋለሁ፣ አልደብቅም። የሲንጀር 15 ዓይነትና የእሱ ቅጂ የሆኑት ባለ ቢራቢሮ ምልክቶቹ ቀጥታ ብቻ የሚሰፉ፣ አንድ ክብ ቀዳዳ ፕሌት ያላቸው፣ በቀላሉ የሚፈቱ መኪኖች ናቸው። ሲንጀር 201 ደግሞ በብረት ማርሽ የሚሠራ፣ በጣም ለስላሳ መኪና ነው። ጂንስን ያለ ጭንቅ ይወጋሉ። ድክመታቸው የፉታቸው ከፍታ ነው። የፋብሪካ መኪና ያህል አይከፍቱም፤ በጣም ወፍራም ክርም አያስደስታቸውም። የኤሌክትሪክ ሞተር ያላቸው ከሆኑ ሽቦውን ይዩ፤ የድሮ ሽቦ ሽፋኑ ደርቆ ይሰነጠቃል። የሚሠራበትን ቮልትም ሞተሩ ላይ ያንብቡ። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ከአዲስ ርካሽ መኪና ይልቅ እነዚህን እመርጣለሁ።

በመሀል ያሉት፣ ቀጥታ ብቻ የሚሰፉ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ መኪኖች፦ ጁኪ ቲኤል 2010፣ ጃኖሜ ኤችዲ 9፣ ብራዘር ፒኪው 1500 እዚህ ውስጥ ናቸው። በደቂቃ ወደ 1500 ስፌት ይሄዳሉ፤ ቅድም እንዳልኩት ግን የእኛ ጉዳይ ፍጥነቱ አይደለም። ጠቃሚው ነገር አካላቸው ጠንካራ፣ ፕሌታቸው ባለ አንድ ቀዳዳ፣ ክንዳቸው ሰፊ መሆኑ ነው። የራሳቸው ትልቅ ጠረጴዛ አያስፈልጋቸውም። ጠባብ ክፍል ውስጥ 12 ኦንስ ጂንስ ለሚሰፋ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

የፋብሪካ ቀጥታ መኪና፦ የጁኪ ዲዲኤል 8700 ዓይነት ማለቴ ነው። ብዙ ልብስ ሰፊ ቤት የሚያዩት ነጭ መኪና ነው። እዚህ ላይ አንድ ወሳኝ ነገር አለ። የዚህ መኪና ተራው ዓይነት ለቀላልና መካከለኛ ጨርቅ የተሠራ ነው፤ ሸሚዝ ላይ ይበራል። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆነው መጨረሻው ላይ «ኤች» የሚል ፊደል ያለው ነው። ወፍራም መርፌና ወፍራም ክር የሚቀበል፣ ስፌቱንም እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚያስረዝም ነው። ሁለቱ ከውጪ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። «የፋብሪካ መኪና ነው፣ ሁሉን ይሰፋል» ብሎ ለሸሚዝ የተሠራውን የሚሸጥ አለና ታርጋውን ያንብቡ። ሌሎች አምራቾችም የራሳቸው የወፍራም ጨርቅ ዓይነት አላቸው፤ ሲገዙ በግልጽ ይጠይቁ።

ሞተሩ ሰርቮ ይሁን። ክላች የሚባለው የድሮው ሞተር መኪናው ባይሰፋም ያለማቋረጥ ይዞራል፣ ይጮሃል፣ መብራት ይበላል፤ ቀስ ብሎ ለመስፋትም ልምድ ይጠይቃል። ሰርቮ ሲረገጥ ብቻ ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይወሰንለታል፣ አንድ በአንድ መስፋት ይቻላል። ጀማሪ ሰው ለጂንስ ሌላ አያስብ። መርፌውም ከቤት መኪና መርፌ የተለየ ነው። የቤቱ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሲሆን የፋብሪካው ክብ ነው። ስለዚህ ያለዎት መርፌ አይገባም። አንድ ተጨማሪ ምክር ልስጥዎ። እነዚህ መኪኖች ዘይታቸውን በራሳቸው ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ፓምፑም ፍጥነት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ በዝግታ ጂንስ የሚሰፉ ከሆነ በየጊዜው ክሩን አውጥተው፣ ፉቱን አንስተው፣ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያስኪዱት። ከላይ ያለችው የመስታወት ቀዳዳ ውስጥ ዘይቱ ሲረጭ ማየት አለብዎት።

ቦታውንም ይለኩ። ጠረጴዛው 120 ሳንቲ ሜትር በ50 ወይም 60 ገደማ ይሆናል፣ ከነመኪናው ብቻዎን የሚያነሱት አይደለም።

በሦስት መንገድ የሚጎትተው መኪና፦ ሰው ይህን «የሚራመድ ፉት» ይለዋል። ከታች ጥርሱ፣ ከላይ ፉቱ፣ በመሀል ደግሞ መርፌው ራሱ ጨርቁን ይዘው አብረው ይሄዳሉ። ተራ መኪና ላይ ወፍራም ጨርቅ ሲሰፋ የታችኛው ንብርብር ይሄዳል፣ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ረጅም ስፌት መጨረሻ ላይ አንዱ ከሌላው ይበልጣል። ይህኛው መኪና ላይ ያ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ጁኪ ዲኤንዩ 1541ን ብንወስድ ፉቱ በእግር ጉልበት በሚገፋው ማንሻ 16 ሚሊ ሜትር ይነሳል፣ ስፌቱ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ቴክስ 135ን ሳያጉረመርም ይሰፋል። የእርስዎን 12 ንብርብር ልብ ሳይለው ያልፈዋል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ይህን አይገዛም? ዋጋው ከቀጥታው መኪና በጣም ይበልጣል። ከዚያም በላይ ግን ለጂንስ ሱሪ ምቹ አይደለም። ፉቱ ትልቅ ነው፣ የዚፑን ጎን፣ የኪስ አፍን፣ ጠባብ ኩርባን መዞር ያስቸግራል። ለስላሳ ጨርቅ ላይ የጥርስ ምልክት ይተዋል። ቀጭን ነገር በአግባቡ አይሰፋም። 18 ኦንስና ከዚያ በላይ ሸራ፣ ጠፍጣፋ የማንገቻ ገመድ በድርቡ፣ ወይም ቆዳ በየቀኑ የሚሰፋ ሰው ይግዛው። በነገራችን ላይ ለቤት መኪና የሚሸጠው ተለጣፊ የሚራመድ ፉት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ንብርብሮቹን እኩል ያስኬዳል፣ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የመውጋት ጉልበት አይጨምርም፣ ከፉቱ ሥር ያለውንም ክፍተት ያጠባል።

ለእርስዎ የምለው እንግዲህ ይህ ነው። ቦታ ካለዎት ለወፍራም ጨርቅ የተሠራውን የፋብሪካ ቀጥታ መኪና ከሰርቮ ሞተር ጋር ይግዙ፤ በደንብ የተያዘ ያገለገለም ቢሆን ምንም አይደለም። ቦታ ከሌለዎት ከመሀለኞቹ አንዱን። የቦርሳው ሥራ አድጎ ማንገቻው ወፍራም ሲሆን፣ ያኔ በሦስት የሚጎትተውን ተጨማሪ አድርገው ያስቡ።

አሁን ያለዎትን መኪና ግን አይሽጡት። የቁልፍ ቀዳዳና ዚግዛግ በእሱ ይሠራሉ። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ መኪና ኪስ ጥግ ላይ የሚደረገውን ጥብቅ ማጠናከሪያ አይሠራም ብለው አይስጉ። ወደፊትና ወደኋላ ሦስት አራት ጊዜ ቢመላለሱ ይይዛል። ሪቬትም አለ። ጄከብ ዴቪስ የተባለው ልብስ ሰፊ ከሊቫይ ስትራውስ ጋር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1873 የፈጠራ መብት ያገኘበት ነገር፣ የሥራ ሱሪ ኪስ ጥግ እንዳይቀደድ በብረት ሪቬት ማሰር ነበር። ክር ብቻውን ያልቻለውን ቦታ ብረት ያዘው። እስከ ዛሬም ይይዛል።

ሊገዙ ሲሄዱ ባዶ እጅዎን አይሂዱ። የራስዎን ጂንስና ሸራ፣ የራስዎን ክር፣ ለመኪናው የሚሆን አዲስ መርፌ ይያዙ። ሻጩ የሚያሳይዎት ለስላሳ ቁራጭ ላይ ማንኛውም መኪና ጎበዝ ነው። ቤትዎ ሆነው ከሱሪዎ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የተቆለፈ ስፌት ሠርተው፣ ጠርዙን ሁለቴ አጥፈው፣ 12 ንብርብሩን አዘጋጅተው ይውሰዱ። ሳይቀጠቅጡት።

ያገለገለ ከሆነ ክሩ ሳይገባ መዘውሩን በእጅዎ ያዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ውስጡ ዝገት ወይም የተጎዳ ማርሽ ሊኖር ይችላል። የመርፌውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ አልቋል። ፕሌቱ ላይና መንጠቆው ጫፍ ላይ የመርፌ ጭረት መኖሩን በብርሃን ይዩ። ቦቢን ኬዙ፣ ፉቱና ጥርሱ ምትክ የሚገኝላቸው መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ምትክ የሌለው ምርጥ መኪና አንድ ትንሽ ዕቃ ሲጎድለው ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ይስፉ። በመጀመሪያ 2 ንብርብር፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 8። በመጨረሻ መስቀለኛውን፣ በጣም በዝግታ፣ ሳይጎትቱ። ጨርቁን ገልብጠው ከታች ያለውን ስፌት ይመልከቱ፤ የመኪናው ጠባይ የሚታየው ከታች ነው። ጉብታው ላይ የስፌቱ ርዝመት ካጠረ ፉቱ በደንብ አልያዘም። ክሩ ከታች ላላ ብሎ ከተንጠለጠለ መጀመሪያ ክሩ በትክክል መግባቱን ይዩ፣ ከዚያ የላይኛውን ውጥረት ትንሽ ጨምረው ይድገሙት። ቀጥታው ላይ ተስተካክሎ ጉብታው ላይ ብቻ የሚላላ ከሆነ ያ ውፍረት ከመኪናው አቅም በላይ ነው። አንድ ስፌት ከዘለለ ሻጩ መርፌውን በአንድ ቁጥር አወፍሮ፣ የፉቱን ግፊት ጨምሮ እንደገና ይሞክርልዎት። ይህ ተገቢ ነው፤ መኪናው በቀጭን መርፌ ተዘጋጅቶ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በኋላ ከዘለለ ሌላ መኪና ይዩ።